ጥብቅና በደሴና በኮምቦልቻ

በደቡብ ወሎ የጥብቅና ሥራ ማዕከል ደሴ ናት። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያስችለው እዚህ ሲሆን የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በከተማዋ ምድብ ችሎት አለው። ኮምቦልቻ የራሷ የወረዳ ፍርድ ቤት ቢኖራትም ይግባኝ ባይ የሆነ ሁሉ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ስለሚሠራ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የደረቅ ወደቡ ጉዳይ የፌዴራል ሕግ ቢነካም እንኳ መዝገቡ በአብዛኛው የሚከፈተው ደሴ ነው።

ከ1934 ዓ.ም. በፊት ባለጉዳይ ራሱ፣ አለዚያም ነገረ ፈጁ በአደባባይ ቆሞ ይሟገት ነበር። በተጠየቅ፣ ማለትም ተሟጋቾች እየተጠያየቁ በሚከራከሩበት ሙግት ቃል አሳክቶ፣ ምሳሌ ጠቅሶ ተቃራኒውን የሚያስጨንቅ ሰው ይከበር ነበር፤ ወሎ ደግሞ የንግግር አዋቂ ጠፍቶባት አያውቅም። በ1934ቱ የፍርድ ቤቶች አዋጅ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሲደራጁ ደሴ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በመሆኗ የክርክሩ ሁሉ መሰብሰቢያ ሆነች። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1958 የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጡ የቃል ሙግቱ ቦታውን ለጽሑፍ ለቀቀ። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊም ከዚሁ ለውጥ ጋር አብሮ የሰፋ ነው። በደርግ ዘመን ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዛወር፣ አነስተኛው ክርክር ደግሞ ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሲሄድ የጠበቃው ሥራ ጠበበ።

ዛሬ በክልል ፍርድ ቤቶች ለመከራከር የክልሉን የጥብቅና ፈቃድ፣ አዲስ አበባ በፌዴራል ሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት በሚታረምበት ችሎት ለመቆም ደግሞ የፌዴራሉን ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ነበር። ያ ሕግ ጠበቃን በግሉ ብቻ ስለሚያውቀው ሁለትና ሦስት ጠበቆች ኪራይ ተካፍለው አንድ ቢሮ ቢቀመጡም ደንበኛው የየግላቸው ነበር። ጠበቃው ሲታመም ወይም ሲሞት መዝገቡ ባለቤት ያጣል። ይህን የለወጠው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር መልክ የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ለንደንና ኒውዮርክ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸሪኮች ያሏቸው ቤቶች ዝና የተገነባው በሽርክና ነው፤ ሸሪኩ ይለወጣል፣ ቤቱና ደንበኛው ግን ይቀጥላሉ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ እንዲህ ያለ ቤት ያስፈልግ እንደነበር ብዙዎች ይስማማሉ። የውጭ ባለሀብት ውል ሲመጣ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ይዞ ይመጣል፤ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ውጭ ተዋዋዮቹ በመረጡት ዳኛ ይታያል ማለት ነው። ኢትዮጵያም የኒውዮርኩን ኮንቬንሽን በአዋጅ 1184/2012 ካጸደቀች ወዲህ በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔን እዚህ ማስፈጸም ቀሏል። ስለዚህ ለአካባቢው ጠበቃ የሚተርፈው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ጊዜ ነው። በአዋጅ 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄም በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ብዙ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር በሽማግሌ ሲነጋገር 3 ወሩ ያልፍበታል። ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ ሽምግልናው እየተካሄደ ክሱን ያስገባል፤ እርቅ ቢወርድ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርቦ ማስመዝገብ ይቻላል።

በደሴ ገበያ የብድር ክርክር አያልቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ እንዳይረጋገጥ ይከለክላል። ቁጥሩ ዛሬ የአንድ ዶሮ ዋጋ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ሕጉ ስላልተለወጠ አምስት ምስክር ያለው አበዳሪ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ይሸነፋል። የቤት ሽያጭም እንዲሁ ነው። ቁጥር 1723 ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲፈጸም ያዛል፣ የፌዴራል ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጽንቷል። ሻጭ መሸጡን ባልካደ ጊዜም ደንቡ ይሠራል ወይ የሚለው ግን ጠበቆችን እስካሁን ያከራክራል።

ውክልና ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ካልተጻፈለት ቤት መሸጥ፣ መታረቅም ሆነ ለግልግል መስማማት አይችልም። ቃላቱ ካልተጻፉ የተደከመበት እርቅ ይፈርሳል።

ከመደበኛው ፍርድ ቤት ጎን የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ለደም ጉዳይ ደግሞ ወሎ አበጋር የሚባል ባህላዊ አስታራቂ አላት። እርቁ የነፍስ ግድያ ክስን ባያስቀርም ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ይቀርባል።

ሐረጎ ቀጠሮ የምታሳልፍ መንገድ ናት። ክረምት ጉሙ ሲወርድ ከኮምቦልቻ የተነሣ መኪና ይዘገያል። ከሳሽ ሳይገኝ ተከሳሽ ከተገኘ ክሱ ይዘጋል፤ መዝገቡን ለማንቀሳቀስ በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠበቃ የጠዋት ችሎት ካለው ደሴ ያድራል። ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326 ማስፈቀድ ቢቻልም፣ ጊዜው ያለፈው በጠበቃው ወይም በጸሐፊው ጥፋት ከሆነ አይፈቀድም።