ማክጋፊን ምንድን ነው?

ባሏ ፊቱን ያዞረባት አንዲት ሴት አዋቂ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ትጠይቃለች። አዋቂውም «ከሕያው አንበሳ ጎፈር ሦስት ፀጉር ነቅለሽ ካላመጣሽልኝ መድኃኒቱን አልቀምምልሽም» ይላታል። ሴትዮዋ ሥጋ ይዛ ጫካ ትወርዳለች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ ወርውራ ትሮጣለች። በማግሥቱ ጥቂት ቀረብ ትላለች። በሦስተኛው ቆማ ሲበላ ታየዋለች። ቀን በቀን እየቀረበች፣ እየተለማመደችው፣ በመጨረሻ አንበሳው ከእጇ ሲጎርስ ፀጉሩን ነቅላ እየበረረች ትመለሳለች። አዋቂው ግን ፀጉሩን ተቀብሎ አየት ያደርግና እሳት ውስጥ ይጥለዋል። «አንበሳ ያለመድሽ ሴት ባልሽን ማልመድ እንዴት ያቅትሻል?»

ተረቱን በልጅነታችን ያልሰማን ጥቂት ነን፤ አንዳንዱ ቤት በባሏ ፈንታ የእንጀራ ልጇ ይገባበታል። እዚህ ያመጣሁት ስለ ፀጉሩ ብዬ ነው። ሴትዮዋን ከቤቷ ያስወጣት፣ ጫካ ያወረዳት፣ ከአንበሳ ጋር ያፋጠጣት እሱ ነው። ፀጉሩን ብታወጡት ተረቱ የለም። ሆኖም ፀጉሩ ለምንም ሳይውል ተቃጠለ። የነብር ጥፍር ወይም የጅብ ጥርስ ቢሆንም ታሪኩ ንቅንቅ አይልም ነበር። የፊልም ሰዎች እንዲህ ላለው ነገር ስም አውጥተውለታል፤ ማክጋፊን ይሉታል።

ማክጋፊን ማለት በታሪኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚሻሙበት፣ የሚሰደዱበት፣ የሚገዳደሉበት ነገር ነው። ለእነሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ለተመልካቹ ግን ምንነቱ እምብዛም አይገደውም። ሐብል ሊሆን ይችላል፣ ቦርሳ፣ ሚስጥራዊ ወረቀት፣ የተሰረቀ ንድፍ፤ ሥራው ሰዎቹን ማስሮጥ ብቻ ነው።

ቃሉን ያስለመደው እንግሊዛዊው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ነው፤ ያወጣው ግን አብሮት ይሠራ የነበረው ስክሪፕት ጸሐፊ አንገስ ማክፌይል ነው ይባላል። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1939 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ በሌቦች ታሪክ ማክጋፊኑ ብዙ ጊዜ ሐብል፣ በሰላዮች ታሪክ ደግሞ ወረቀት መሆኑን ተናግሯል። ትርጉሙን ሲጠየቅ ደግሞ ይህችን ጨዋታ ያመጣ ነበር። ሁለት ሰዎች በባቡር ወደ ስኮትላንድ ይጓዛሉ። አንደኛው ዕቃ መስቀያው ላይ ያለውን ጥቅል አይቶ «ምንድን ነው?» ይላል። «ማክጋፊን ነው።» «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» «በስኮትላንድ ተራሮች አንበሳ ማጥመጃ ነው።» «በስኮትላንድ ተራሮች እኮ አንበሳ የለም!» «እንግዲያው ያም ማክጋፊን አይደለም።» የእሱም ጨዋታ የእኛም ተረት አንበሳ ላይ መገናኘታቸው ይገርመኛል።

ሂችኮክ በሥራው እንዴት እንደተጠቀመበት ማየት ለፈለገ የ1946ቱን «ኖቶሪየስ» ልጠቁም። ጀርመኖች በወይን ጠርሙስ ውስጥ የዩራኒየም ማዕድን ደብቀዋል፤ ልትሰልላቸው ከእነሱ አንዱን ያገባች ሴት የጓዳውን ቁልፍ ከባሏ ሰርቃ ግብዣው መሃል በመዳፏ ጨብጣዋለች። እንግዶቹ ሻምፓኝ እየጠጡ ነው። ሻምፓኙ ካለቀ ባልየው ጨምሮ ለማምጣት ወደ ጓዳ ይወርዳል። ካሜራው የቀሩትን ጠርሙሶች ያሳየናል፤ እየቀነሱ ይሄዳሉ። በዚያች ሰዓት ስለ ዩራኒየም የሚያስብ ተመልካች የለም። ዓይናችን ጠርሙሶቹ ላይ፣ ልባችን ሴትዮዋ መዳፍ ውስጥ ነው። ለሂችኮክ ማክጋፊን ባዶ በሆነ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሚጠፋ ደቂቃ ከጭንቀቱ ይቀነሳልና።

ይህን ሐሳብ ፊት ለፊት የተቃወመው የኢንዲያና ጆንስ ፊልሞች ጠንሳሽ ጆርጅ ሉካስ ነው። እሱ እንደሚለው ተመልካቹ ለዕቃው ከጀግናውና ከጠላቱ ባልተናነሰ ሊጨነቅለት ይገባል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በሂችኮክ መንገድ ከሄድን ፊልሙ የሚቆመው በሰዎቹ ነው። በሉካስ መንገድ ግን ዕቃው ራሱ ክብደት ያስፈልገዋል፤ ክብደት ደግሞ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ከምንም አይፈጠርም። ተመልካቹ ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት በልቡ ይዞት መምጣት አለበት።

ሉካስ ሐሳቡን ለስቲቨን ስፒልበርግ የነገረው በ1977 ሃዋይ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹና 40ዎቹ በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ይታዩ እንደነበሩት የጀብዱ ፊልሞች ያለ ነገር ነበር ያሰበው፤ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ጅራፍ የያዘ አርኪዮሎጂስት አገር ላገር እየዞረ ጥንታዊ ዕቃ ሲያድን። ሰውዬው የሚያድነውን ያመጣው ግን ሌላ ዳይሬክተር፣ ፊሊፕ ካውፍማን ነው። ያመጣውም የቃል ኪዳኑን ታቦት ነው። ስክሪፕቱን ሎውረንስ ካስዳን ጻፈ፣ ሃሪሰን ፎርድ ተወነ፣ የመጀመሪያው ፊልም በ1981 ወጣ።

ፊልሙ በደቡብ አሜሪካ ጫካ ይጀምራል። ኢንዲያና በድንጋይ መቆሚያ ላይ ከተቀመጠች የወርቅ ጣዖት ፊት ይቆማል። ከረጢት አሸዋ አዘጋጅቶ መጥቷል። ጣዖቷን በዓይኑ ይመዝናል፣ አገጩን ይዳብሳል፣ ከከረጢቱ ጥቂት አሸዋ አራግፎ ይቀንሳል። ከዚያ በቅጽበት ጣዖቷን አንስቶ ከረጢቱን ይተካል። ለአፍታ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ መቆሚያው ወደ ታች መስመጥ ይጀምራል። የሚንከባለለው ትልቅ ድንጋይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጣዖቷን ወዲያው ባላንጣው ቤሎክ ይነጥቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አናያትም። ይህች ንጹሕ የሂችኮክ ማክጋፊን ናት።

የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ክብረ ነገሥት ትዝ ሊለው ይገባል። የቀዳማዊ ምኒልክ ተከታዮች አዛርያስና ጓደኞቹ ታቦተ ጽዮንን ከኢየሩሳሌም ሲያወጡ ቦታዋን ባዶ አልተዉትም። በቁመቷና በስፋቷ ልክ እንጨት አስጠርበው፣ በቦታዋ አቁመው፣ በመጎናጸፊያዋ ሸፈኑት። የአሸዋው ከረጢት ከመታሰቡ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ በፊት በግእዝ የተጻፈ መተካት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በኢንዲያና ጊዜ ድንጋዩ ተንከባሎ ይመጣል፤ በክብረ ነገሥት ግን መልአክ በሩን ይከፍታል፤ የተሰረቀች አትመስልም፣ ራሷ ልትሄድ ወድዳለች። የምትፈልገው ነገር ያለ ነገር ማክጋፊን ሊባል አይችልም። ማክጋፊን ይፈለጋል እንጂ አይፈልግም።

ፊልሙ ይህን የተረዳው ይመስለኛል፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። ኢንዲያናና የሂትለር ጀርመኖች የሚሽቀዳደሙለት ታቦት ያለው በግብፅ ታኒስ ነው ይለናል። መነሻው መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 ላይ ያለው የግብፁ ንጉሥ ሺሻቅ ወረራ ነው። መጽሐፉ ሺሻቅ የቤተ መቅደሱን ሀብት ወሰደ ይላል፤ ታቦቱን ወሰደ አይልም፤ ያን ፊልሙ ጨመረው። ቦታውን ለማግኘት በትር ላይ የሚሰካ ሜዳሊያ ያስፈልጋል። አንድ የጀርመን ሰላይ ሜዳሊያውን ከእሳት ውስጥ በባዶ እጁ ሊያነሳው ሲል መዳፉ ይቃጠላል፤ ጠባሳው የሜዳሊያውን አንድ ገጽ፣ የበትሩ ርዝመት የተጻፈበትን፣ ይዞ ይቀራል። ጀርመኖች ከጠባሳው ቀድተው በትራቸውን ይሠራሉ። በሌላው ገጽ ላይ ግን «ታቦቱ የእርሱ ለሆነው ለዕብራውያን አምላክ ክብር አንድ ቀንስ» የሚል አለ። እነሱ ያን አላነበቡም፤ በትራቸው ረዘመ፣ የተሳሳተ ቦታ ይቆፍራሉ። ለአምላክ የሚገባውን ያልቀነሰ ሰው ልኩን ይስታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ዕቃው መሮጫ ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ባለቤት እንዳለው እየተነገረን ነው።

ከዚያ መጨረሻው ይመጣል። እኔ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቤት ከእናቴ ጋር ነው። እባቦቹም ጅራፉም አላስደነቋትም፤ ቡና እያፈላች አልፎ አልፎ ቀና ትል ነበር። ቤሎክ የሊቀ ካህናት ልብስ ለብሶ፣ ወታደሮች ከበውት ክዳኑ ሲነሳ ግን «ኧረ በስመ አብ! እንዴት ይከፍቱታል?» ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። በዚያችው ቅጽበት፣ ግንድ ላይ የታሰረው ኢንዲያና አብራው ለታሰረችው ማሪዮን ዓይኗን እንድትጨፍን ይጮህባታል። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ማንም ሳይነግራት ነው የሸፈነችው።

ክዳኑ ሲከፈት ከውስጥ የተዘገነው አሸዋ ነው። ቤሎክ ክው ይላል፤ ሰላዩ ይስቃል። ወርቋን ጣዖት ሊተካ የመጣ አሸዋ ፊልሙን ጀመረ፣ አሁን ደግሞ ዓለም የተሻማበት ሣጥን ውስጥ አሸዋ ተገኘ። ሂችኮክ ቢሆን እዚህ ጋ ያበቃ ነበር፤ ባዶ ነው፣ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር። ስፒልበርግ ግን ካሜራውን አያነሳም። አሸዋው ውስጥ ብርሃን ይነሳል፣ ያዩት ሁሉ ይቀልጣሉ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑት ሁለቱ ይተርፋሉ። ዖዛ ታቦቱን በእጁ ይዞ መቀሠፉን በመጽሐፈ ሳሙኤል ላነበበ ሰው ይህ የፊልም ብልሃት ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው «ኢንዲያና ባይኖር ኖሮም ጀርመኖቹ ከፍተው ይሞቱ ነበር፤ ጀግናው ለታሪኩ ምንም አልጨመረም» ሲል እሰማለሁ። የተሳሳተ በትር ይዘው ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ያለ እሱ ታቦቱን ማግኘታቸው ራሱ አጠራጣሪ ነው። ግን ነቀፋው እውነት ነው እንበል። ማክጋፊን ቢሆን ኖሮ የታሪኩን ዕጣ የሚወስነው የያዘው ሰው ነበር። እዚህ የወሰነው ታቦቱ ነው። ጀግናው ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ ያደረገው ትልቁ ነገር አለማየት ነው። እኔ ይህን ጉድለት አልለውም።

የቀሩት አራት ፊልሞች እዚህ ደረጃ አልደረሱም። በ1984ቱ የሚፈለጉት የሕንድ ቅዱሳን ድንጋዮች ከሕንድ ውጭ ላለ ተመልካች ቀድሞ የሚያውቃቸው አይደሉም፤ ስለዚህ ክብደታቸው ቀለለ። በ1989 ወደ ጌታ የመጨረሻ እራት ጽዋ ተመለሱ፣ ዮርዳኖስ ፔትራ ሄደው ቀረጹ፣ ፊልሙም ዳነ። እዚያም ቢሆን ጽዋውን የሚያገኘው ከተደረደሩት የወርቅ ዋንጫዎች መካከል ተራውን የለየ ነው። የ2008ቱ የመስተዋት ድንጋይ የራስ ቅል አልተሳካም፤ በለንደን ያለውን እንዲህ ዓይነት ቅል ተመራማሪዎች መርምረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሽከርካሪ መሣሪያ የተሞረደ መሆኑን ደርሰውበታል። የ2023ቱ የአርኪሜዲስ መሣሪያ ደግሞ ያስደንቃል፣ አያስፈራም።

በሦስተኛው ፊልም ኢንዲያና ስለ አንድ የተሰረቀ መስቀል የሙዚየም ነው፣ ቦታው ሙዚየም ነው እያለ ይጮሃል። የፊልሞቹ ሁሉ እምነት ይኸው ነው፤ ዕቃው ከሌባ እጅ ወጥቶ መስታወት ውስጥ ከገባ ታሪኩ በመልካም አለቀ። በመጀመሪያው ፊልም ግን ይህም አልሆነም። ታቦቱ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ማለቂያ በሌለው የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ከሺህ ሣጥኖች ጋር ይደረደራል። ለአሜሪካ ተመልካች ይህ ስለ ቢሮክራሲ የተሰነዘረ ሹፈት ነው። ለእኛ ግን አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ ወደታሸጉበት ክፍል አይገቡም። የአክሱም ጽዮንን ከአንድ መነኩሴ ጠባቂ በቀር ማንም እንዳያይ የሚከለክለውን ሥርዓት አክብረው፣ ታቦታቱን ግን ከነክብራቸው ይዘዋል። ማየት የማይፈቀድለትን፣ ማጥናት የማይችለውን፣ ማሳየት የማይፈልገውን ነገር ሙዚየም ለምን እንደሚይዝ ማስረዳት የሚችል ሰው አላገኘሁም።

በስኮትላንድ፣ ሂችኮክ አንበሳ የለበትም ባለው አገር፣ በኤድንበራ ከተማ አንድ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲሁ ከመቅደላ የሄደ ታቦት ተገኘ። ቄሱ ኢትዮጵያን ያውቁ ነበርና ምን እንደሆነ ገባቸው። በ2002 ታቦቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ካህኑ በራሳቸው ተሸክመውት ሲያልፉ የሚታየው መጎናጸፊያው ብቻ ነበር።