ጫጩት ማላመድ በጎጃም፦ ከካርቶን እስከ መዳፍ

ጎጃም ውስጥ ጫጩት ወደ ቤት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የጥንቱ ነው፤ ዶሮዋ ታቅፋ 21 ቀን ትተኛና ትፈለፍላለች። ሁለተኛው ከማስፈልፈያ ጣቢያ በካርቶን የሚመጣው የአንድ ቀን ጫጩት ነው። ሦስተኛው የ45 ቀን የሚባለው ነው። አሳዳጊዎች የአንድ ቀኑን ተቀብለው፣ አስከትበውና አጠንክረው ለገበሬውም ለከተሜውም ይሸጡታል። ሳሶ፣ ቦቫንስና ኮኮክ የሚባሉት ዝርያዎች በብዛት የሚመጡት በኋለኞቹ ሁለት መንገዶች ነው።

እናት ያለው ጫጩት ለሰው ብዙ ሥራ አይተውም። ሙቀቱም፣ ምግቡም፣ ጥበቃውም የእሷ ነው። እጅህን ስትሰድ ላባዋን ነፍታ ትነክስሃለች፣ በቃ። ማላመድ የሚባለው ነገር የሚመጣው እናት በሌለችበት ነው።

ከማላመድ በፊት ግን ሙቀት አለ። የበረደው ጫጩት ማንንም አይለምድም፤ ይጮሃል፣ ይደራረባል፣ ይሞታል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ላባ እስኪያወጣ መሄድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ትበልጣለች፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ አንድ አምፖል የበቃው ሰው እንጅባራ ላይ በዚያው አምፖል ቢተማመን ይከስራል።

ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን ማየት ይበቃል። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ጥግ ጥጉን ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ዝቅ ባለ ድምፅ ጭር ጭር እያሉ ከለቀሙ ተመችቷቸዋል። እኔ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶብኝ፣ ጠዋት ስነሳ ከሃያዎቹ ሰባቱን ተደራርበው ሞተው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ፍል ውኃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገባቸው ማስቀመጥ ለምጃለሁ። ከሰል የሚያነዱም አሉ። ቤቱ ከተዘጋ ግን የከሰል ጭስ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ይገድላል። ከዚህ የሚሻለው ግድግዳው በደረቅ ሣር የታጨቀ ሳጥን ነው። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ፣ መብራትም ከሰልም አይፈልግም። የሚሠራው ግን ቁጥራቸው በርከት ሲል ነው። አምስት ጫጩት ሳጥን አያሞቅም።

እንደደረሱ የሚሰጣቸው ለብ ያለ ውኃ ነው። ጫጩት ከእንቁላሉ አስኳል የቀረውን በሆዱ ይዞ ስለሚፈለፈል እስከ ሦስት ቀን ያህል ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። በካርቶን ረጅም መንገድ የሚጓዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ተጠምቶ ይደርሳል። የአንዱን ወይም የሁለቱን መንቁር ቀስ ብሎ ውኃው ውስጥ ነከር ማድረግ ነው፤ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ይደረግበት፣ አለዚያ ይሰምጣሉ። ወለሉ ላይ ጭድ ይነስነስ። ለስላሳ ጋዜጣ ብቻ ከሆነ እግራቸው እየተንሸራተተ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ያ ከቆየ ደግሞ አይቃናም።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። ዳግላስ ስፓልዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ፣ ጫጩቶችን ገና ሲፈለፈሉ ዐይናቸውን ሸፍኖ አቆያቸው። ቀደም ብለው የተገለጡት ተከተሉት። አራት ቀን ገደማ ሲሆናቸው የተገለጡት ግን በድንጋጤ ሸሹት። ጫጩት የሚከተለውን አካል የሚመርጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃት ይገባል። ካርቶኑ በመጣ ቀን "ይረፉ" ብሎ ሳምንት ሙሉ የማይጠጋቸው ሰው ጥሩውን ጊዜ ያሳልፈዋል። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ይረፉ፣ ልክ ነው። በማግሥቱ ግን አጠገባቸው ቁጭ ማለት ነው።

ዋናው ስህተት ከላይ መምጣት ነው። ገጠር ያደገ ሰው ጭላት ሲያንዣብብ ልጆች እንዴት እየጮኹ እንደሚሮጡ ያውቃል። ለጫጩት ከላይ የሚወርድ እጅ ሁሉ ጭላት ነው። ስለዚህ እጅ በጎን፣ መሬት ለመሬት ይግባ። መዳፍ ተዘርግቶ ትንሽ መኖ ይደረግበትና ዝም ይበል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና መቅረባቸው አይቀርም። እናት ዶሮ ምግብ ስታገኝ በመንቁሯ መሬቱን እየነካካች ልጆቿን ትጠራለች። አንተም በጣትህ ጠብ ጠብ ብታደርግ እየሮጡ መጥተው እዚያው ይለቅማሉ። እናቴ ይህን ያለ ማንም ትምህርት ታደርገው ነበር።

ሲያነሱት በሁለት እጅ ከሥር ታቅፎ ነው፣ በክንፉ ወይም በእግሩ አንጠልጥሎ አይደለም። ደረቱንም አለመጭመቅ። ዶሮ እንደ ሰው ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ስለሆነ ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሕፃን ሳያውቀው ያፍናታል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጤነኛ የሚመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ልጆች እንዳይስሙት።

የ45 ቀኑ ሌላ ታሪክ ነው። በመቶዎች መሃል ያደገ ነው፣ ሰውን የሚያውቀው መርፌ ይዞ ወይም ለመያዝ ሲያባርረው ነው። እሱ በእጅ አይለምድም፣ በሰዓት ነው የሚለምድ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ድምፅ፣ በተመሳሳይ ዕቃ ማብላት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግቢ አይለቀቅ። ከቤቱ ነባር ዶሮዎች ጋርም ወዲያው አይቀላቀል፤ ፈንግል ከገባ ሁሉንም ይጨርሳል። ስትገዛ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጥሊሊም ሆነ የመጫ የአገር ዶሮ ጫጩት ድንጉጥ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ጭላትና ሸለምጥማጥ ባለበት አገር ጥላ ሲያይ የማይሸሽ ጫጩት ዕድሜው አጭር ነው። እጄን ይልመድ፣ ሰማዩን ግን ይፍራ።

ማታ ማታ ደግሞ አዲሶቹ ቆጥ አያውቁም፣ መሬት ላይ ተኮልኩለው ያድራሉ። ከጨለመ በኋላ አንድ በአንድ አንስቶ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ በጨለማ አይታገሉም። ጥቂት ምሽት ከተደገመ ራሳቸው መውጣት ይጀምራሉ። እኔ ቤት ግን አንዷ እምቢ ብላ እስከ ዛሬ የምታድረው እንቅብ ውስጥ ነው።