የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ፣ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ ይገኛል። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የጨረሳቸውን ልጆች፣ ወላጆች፣ መምህራንና ሠራተኞች ለማሰብ ተሠርቶ በየካቲት 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ንድፉ የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ነው። ሐሳቡን ያመነጩትና ለፍጻሜ ያበቁት ግን ከእስርና ከግርፋት የተረፉ ሰዎችና የሟቾቹ ቤተሰቦች በማኅበር ተደራጅተው ነው። መግቢያው በነፃ ሲሆን፣ ጎብኚ የፈቀደውን ይለግሳል።

ቦታው ራሱ ምስክር ነው። በደርግ ዘመን አደባባዩ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚሁ አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመው፣ የጠላቶቻቸው ደም እንደሚፈስ ለማሳየት ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባበሩ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ያን ቀንም እዚያው አጠገብ ነበረ። ለሙዚየሙ ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማዋ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ግድያውን ማን እንደጀመረው ዛሬም ያከራክራል። በመስከረም 1969 ዓ.ም. ገና ሊቀመንበር ባልሆኑት በመንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የከተማ ታጣቂዎችም የደርግና የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ሰዎችን ገድለዋል፤ ደርግ ይህን ነጭ ሽብር ብሎ ጠራው። ሆኖም መንግሥት በቀበሌና በከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ ባለው የከተማ አስተዳደር እርከን) እስር ቤቶች የፈጸመው ከዚህ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ አብዮት ጠባቂዎች ታጠቁ፤ "ነፃ እርምጃ" የሚባል፣ ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ ተሰጣቸው። በሚያዝያ ወር መጨረሻ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ሬሳ መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይጣል ነበር። ወላጅ ለልጁ እንዳያለቅስና ሐዘን እንዳይቀመጥ ተከለከለ፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ደርግን ሲደግፍ የቆየው መኢሶንም በ1969 ማብቂያ ላይ ተራው ደረሰው። የሟቾች ቁጥር ግምት ከአሥር ሺዎች እስከ ግማሽ ሚሊዮን ይለያያል።

ከዚያ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ስለ ሟቾቹ በአደባባይ መናገር አይቻልም ነበር።

መንግሥቱ በግንቦት 1983 ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። በቀጣዩ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ስለ ቀይ ሽብር ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ደርግ የግድያ ትእዛዙን በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ያስቀምጥ ስለነበር ከየመዝገብ ቤቱ የወጣው ሰነድ እጅግ ብዙ ነበር። ለምርመራው ከአርጀንቲና የመጡ የአፅም ምርመራ ባለሙያዎች የጅምላ መቃብሮችን ከፍተው አፅሞችን እየለዩ ለቤተሰብ ማስረከብ ጀመሩ። ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰሱ። የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፍቶ በታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል የጥፋተኝነት ውሳኔ ተደመደመ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። መንግሥቱ በሌሉበት በጥር 1999 ዕድሜ ልክ እስራት፣ ይግባኙ በግንቦት 2000 ሲወሰን ደግሞ ሞት ተፈረደባቸው። በ2003 ዓ.ም. በእስር ላይ የነበሩት የቀድሞ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 ብዙዎቹ ተፈቱ። ለዚህ የተከራከሩ የሃይማኖት አባቶች ይቅርታን አስቀድመው ነበር። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ግን ይቅርታ የጠየቃቸው እንደሌለ ሲናገሩ ተሰምተዋል፤ ንግግራቸው ሊናቅ አይገባውም።

"ዘር ማጥፋት" የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ ላይ ጥያቄ ይጭራል፤ ገዳዩም ሟቹም ከአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም ከአንድ ቤት ነበሩና የትኛው ዘር ነው የጠፋው? መልሱ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ውስጥ ይገኛል። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊና ሃይማኖታዊ ቡድኖችን ብቻ ሲጠቅስ፣ ስምምነቱን ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ በራሷ ሕግ የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረች። የባለሥልጣናቱን ችሎት ከመሩት ሦስት ዳኞች አንዱ በዚህ አልተስማሙም። ሕጉ ግን በግልጽ የተጻፈ ነው።

ፍርዱ በአገር ውስጥ ብቻ አልቀረም። በ1993 እ.ኤ.አ. በአትላንታ የሚገኝ የአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ አሳሪያቸውን እዚያው ከተማ ያገኙትን ሦስት ኢትዮጵያውያት ከሳሾች አሸናፊ አደረገ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄግ ያለ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት በጎጃም ለተፈጸመ ግድያ አንድ የቀድሞ የደርግ ባለሥልጣንን ዕድሜ ልክ አስሯል።

ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ የሦስት ሐዘንተኛ ሴቶች ሐውልት ቆሟል። በምርቃቱ ዕለት መጋረጃውን የገለጡት አራት ልጆቻቸው በአንድ ቀን የተገደሉባቸው እናት ናቸው። ውስጡ ከ1966ቱ አብዮት ይጀምራል፤ ፎቶግራፎች፣ ጋዜጦች፣ የተፈረመባቸው ትእዛዞች ይከተላሉ። እጅና እግር ታስሮ በእንጨት ላይ ተዘቅዝቆ ውስጥ እግር የሚገረፍበት ወፌ ላላ በሞዴል ይታያል። ግድግዳውን የሞሉት የሟቾቹ ፎቶግራፎች ናቸው፤ አፍሮ ያበጠሩ ወንዶች፣ ፀጉራቸውን ያስያዙ ሴቶች። በመስታወት ሣጥኖች ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጡ የራስ ቅሎችና አጥንቶች ተደርድረዋል፤ አብረዋቸው የተገኙ ልብሶችም አሉ። ጎብኚን ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው የታሰሩና የተገረፉ ሰዎች ይገኙበታል። ፎቶ ፊት ቆመው ስም ሲጠሩ፣ አብሮ ስለታሰረ ጓደኛ ነው የሚናገሩት።