ኖርማል ስርጭት እና በጥራት ቁጥጥር ውስጥ ያለው ድርሻ

ኖርማል ስርጭት የመለኪያ ውጤቶች በአንድ አማካይ ዙሪያ እንዴት እንደሚበተኑ ከሚገልጹ የስታቲስቲክስ ሞዴሎች መካከል በስፋት የሚሠራበት ነው። ሲሣል የደወል ቅርጽ የሚይዘው ይህ ኩርባ ሙሉ በሙሉ የሚታወቀው በሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ አማካዩ የኩርባውን መካከለኛ ቦታ ሲወስን፣ በሲግማ የሚወከለው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ የስርጭቱን ስፋት ይወስናል። ከአማካዩ ግራና ቀኝ በአንድ ሲግማ ርቀት ውስጥ 68.27 በመቶ፣ በሁለት ሲግማ ውስጥ 95.45 በመቶ፣ በሦስት ሲግማ ውስጥ ደግሞ 99.73 በመቶ የሚሆኑት ውጤቶች ይገኛሉ።

ኩርባው ወደ ሒሳብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1733 አብርሃም ደ ሙዋቭር ተደጋጋሚ የዕድል ሙከራዎችን ለማስላት አቋራጭ ሲፈልግ ነበር። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1809 ከሥነ ፈለክ ምልከታ ስሕተቶች ጋር አያያዘው፤ በ1810 ደግሞ ላፕላስ የብዙ ነጻ መጠኖች ድምር ወደዚህ ቅርጽ እንደሚጠጋ አሳየ። ለፋብሪካ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ የላፕላስ ግኝት ነው። የአንድን ምርት መጠን የሚያወዛውዙት የሙቀት ለውጥ፣ የጥሬ ዕቃ ልዩነት፣ የማሽን ንዝረትና የመሳሰሉት ብዙ ጥቃቅን መንስኤዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ብቻቸውን ጎልተው እስካልወጡ ድረስ የድምር ውጤታቸው ብዙ ጊዜ ለኖርማል የቀረበ ስርጭት ይሰጣል።

በቶርኖ ማሽን የሚሠራ፣ ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የታቀደ ዘንግ እንውሰድ። የሂደቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 0.02 ሚሊ ሜትር፣ ዲዛይኑ የሚፈቅደው ልዩነት ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አማካዩ በትክክል 20 ላይ ከቆመ ወሰኖቹ በ2.5 ሲግማ ርቀት ላይ ስለሚውሉ፣ ከ10,000 ዘንጎች ውስጥ 124 ያህሉ ከወሰን ውጪ ይወጣሉ። የመቁረጫው ቢላ በመበላቱ ምክንያት አማካዩ ወደ 20.02 ቢንሸራተት ግን፣ ስፋቱ ምንም ሳይለወጥ ከወሰን ውጪ የሚወጡት ቁጥር ወደ 670 ያሻቅባል። የአንድ ሲግማ መንሸራተት ብልሽቱን ከአምስት እጥፍ በላይ አበዛው ማለት ነው፤ በካሊፐር አንድ ሁለት ዘንግ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ከተንሸራተተው ሂደት የሚወጡት አብዛኞቹ ዘንጎች አሁንም ወሰናቸውን የጠበቁ ናቸው።

ይህን መንሸራተት በጊዜ ለመለየት የሚያገለግለውን የቁጥጥር ቻርት ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. ግንቦት 1924 በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ባቀረበው አጭር ማስታወሻ አስተዋወቀ። ሸዋርት ልዩነትን በሁለት ከፈለው፤ አንደኛው በሂደቱ ተፈጥሮ ውስጥ ያለ የዘወትር ውዝዋዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተፈልጎ ሊገኝና ሊወገድ የሚችል ልዩ መንስኤ ያለው ነው። ቻርቱ በአማካዩ ላይ መካከለኛ መስመር፣ ከላይና ከታች ደግሞ በሦስት ሲግማ ርቀት የቁጥጥር ወሰኖች አሉት፤ ነጥብ ከወሰኑ ሲወጣ ሥራው ቆሞ መንስኤው ይፈለጋል።

አብዛኛውን ጊዜ በቻርቱ ላይ የሚሰፍረው የነጠላ ምርት ልኬት ሳይሆን የትንሽ ናሙና አማካይ ነው። የአማካይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሚካፈል፣ አራት አራት ዘንግ ቢለካ 0.02 የነበረው ወደ 0.01 ይወርድና የቁጥጥር ወሰኖቹ 19.97 እና 20.03 ይሆናሉ። አማካዩ ወደ 20.02 ሲንሸራተት እያንዳንዱ ናሙና ማስጠንቀቂያ የመስጠት ዕድሉ 16 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ለውጡ በአማካይ ከስድስት ናሙና በኋላ ይታወቃል። ዘንጎቹ አንድ በአንድ ቢሰፍሩ ግን በአማካይ 44 ዘንግ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሂደቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የሚመጣው በአማካይ ከ370 ነጥቦች አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጉዳት የሚያስከትሉ ሁለት መደናገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቁጥጥር ወሰንን ከስፔሲፊኬሽን ወሰን ጋር መቀላቀል ነው፤ የቁጥጥር ወሰን የሚመነጨው ሂደቱ ራሱ ከሚያሳየው ባሕርይ ሲሆን፣ ስፔሲፊኬሽን የሚመጣው ከዲዛይን ወይም ከደንበኛ ፍላጎት ነው። ከላይ ያየነው ዘንግ ቻርቱ ላይ ፍጹም የተረጋጋ ሆኖ ከመቶ አንድ በላይ ብልሽት የሚያወጣ መሆኑ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛው፣ ማንኛውንም ልዩነት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ማሽኑን ማስተካከል ነው። ኦፕሬተሩ በተረጋጋ ሂደት ላይ እያንዳንዱን ዝንፈት ሙሉ በሙሉ ለማካካስ ማሽኑን ቢያንቀሳቅስ፣ የምርቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በ41 በመቶ ይሰፋል፤ ትጋቱ ራሱ ጥራቱን ያበላሻል። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በጃፓን በሰጣቸው ትምህርቶች የሸዋርትን ዘዴ ሲያስተምር በልዩነት ባሕርይ ላይ አጥብቆ የቆመው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሞቶሮላ ኩባንያ የተጀመረው ሲክስ ሲግማ የተባለው የጥራት ማሻሻያ ዘዴ የስፔሲፊኬሽን ወሰኑ ከአማካዩ በስድስት ሲግማ እንዲርቅ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በሚሊዮን 3.4 ብልሽት ግን አማካዩ በጊዜ ሂደት 1.5 ሲግማ ይንሸራተታል ከሚል ግምት የመጣ ነው፤ ያለ መንሸራተት ቁጥሩ በቢሊዮን ሁለት ገደማ በሆነ ነበር።

እነዚህ ትናንሽ ቁጥሮች በጥንቃቄ መያዝ አለባቸው። ኩርባው እውነታውን በደንብ የሚወክለው መሐል አካባቢ ሲሆን፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰተው ነገር በሚገኝበት ጠርዝ ላይ ግን በጥቂት መቶ ልኬቶች ሊረጋገጥ አይችልም። በተጨማሪም ከዜሮ በታች መውረድ የማይችሉ እንደ የክብነት ጉድለት፣ የቆሻሻ መጠን ወይም የጥበቃ ጊዜ ያሉ ልኬቶች በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን የተዘረጉ ስለሆኑ፣ የኖርማል ቀመር ቢሠራባቸው የብልሽቱ ግምት ከእውነታው ሊርቅ ይችላል። ሸዋርት ራሱ የሦስት ሲግማን ወሰን የመረጠው በተግባርና በወጪ ረገድ አዋጭ ሆኖ ስላገኘው እንጂ፣ ሁሉም ሂደት ኖርማል ነው ብሎ አልነበረም። ስለዚህ ቻርቱ ከኖርማል ትንሽ በራቀ ሂደት ላይም በአጥጋቢ ሁኔታ ይሠራል፤ በሚሊዮን ስንት ብልሽት ይወጣል የሚለው ስሌት ግን የስርጭቱ ቅርጽ በሂስቶግራም (ልኬቶች በየመጠናቸው ስንት ጊዜ እንደታዩ በሚያሳይ የአምድ ሥዕል) ወይም በፕሮባቢሊቲ ፕሎት (ልኬቶቹ ከኖርማል ኩርባ ጋር መግጠማቸውን በቀጥተኛ መስመር በሚያሳይ ሥዕል) ሳይፈተሽ፣ ሂደቱም መረጋጋቱ በቻርት ሳይታይ መሠራት የለበትም።