ሰማይ ጠቀስ መኖሪያ በጎጃም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ረጅም ህንጻ ስለመሥራት ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ቁመትና ወደ መስታወት ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚያ ላይ እንጀራ ጋግሮ ልጅ የሚያሳድገው ሰው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እንያቸው።

«ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት ከሆነ ቅይጥ ህንጻ ነው፤ አለቀ።»

ዋናው ሥራ ገና እዚህ ነው የሚጀምረው። የሱቅ ደንበኛና ነዋሪው በአንድ በር ገብተው በአንድ ሊፍት ከወጡ፣ ማታ ማን ወደ ላይ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። መግቢያውም ሊፍቱም መለየት አለበት። የምግብ ቤቱ ጭስ ደግሞ በራሱ ቱቦ እስከ ጣሪያ ይውጣ፤ አለበለዚያ የቁሌቱ ሽታ መኝታ ቤት ይገባል።

የምሰሶው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። መኪና ማቆሚያ፣ ሱቅና መኝታ ቤት የሚፈልጉት የምሰሶ ርቀት አይገጥምም። ከላይ የሚወርደው ምሰሶ ሱቁ መሃል እንዳያርፍ ከተፈለገ፣ ጭነቱን ወደ ጎን የሚያሻግር ትልቅ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ፌሮ ይበላል፣ ብር ይበላል። አርክቴክቱና የስትራክቸር መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ አብረው ይቀመጡ የምለው ለዚህ ነው። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጠናቀቀው ባለ 100 ፎቁ ህንጻ፣ በቀድሞ ስሙ ጆን ሃንኮክ ሴንተር፣ ሱቅ፣ መኪና ማቆሚያ፣ ቢሮና መኖሪያ ደራርቦ ይዟል። ወደ ላይ እየጠበበ መሄዱ ለዚህ ይመቸዋል። ቢሮው ሰፊ ወለል ያገኛል፤ ከላይ ያለው መኖሪያ ደግሞ ክፍሎቹ ከመስኮት አይርቁም።

«ሙሉ መስታወት ከሆነ ዘመናዊ ነው።»

በባሕር ዳር ፀሐይ? ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ መስታወት አይመልሳትም። ሙቀቱን ይዞ ያስቀረዋል። ረጅሙን የህንጻ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞርና ጥልቅ በረንዳ መስጠት ይሻላል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ትመጣለች። ጥላ በሁለቱም ፊት ያስፈልጋል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከፍ ያለና ብርዳም ነው፤ እዚያ የጠዋት ፀሐይ ይፈለጋል። ያንኑ ንድፍ ወስዶ መትከል አያዋጣም።

«ሊፍት ካለ ስለ ደረጃ ማን ይጨነቃል?»

እሳት ሲነሳ የሚያወጣው ደረጃው ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰው ሞተ። እሳቱ በቀላሉ በሚቀጣጠለው የውጭ ልባስ ተዛመተ፤ ህንጻው ደረጃው አንድ ብቻ ነበር። ሁለት የተራራቁ፣ ጭስ የማይገባባቸው ደረጃዎች ቦታ ይወስዳሉ፣ የሚሸጠውን ካሬ ይቀንሳሉ። ቢሆንም አይደራደሩባቸውም።

«መብራትና ውሃ በኋላ ይገባል።»

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በበዓል ዋዜማ 60 ቤት አንድ ላይ ቢጥድ ከ180 ኪሎ ዋት አለፈ፤ ሊፍትና ፓምፕ ሳይቆጠር። ውሃም በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ግፊት ያጣል። የትራንስፎርመሩ፣ የጀነሬተሩና የታንከሩ ቦታ ከመጀመሪያው ይሳል።

«ጥልቅ ከተቆፈረ መሠረቱ ይጸናል።»

ጣና አጠገብ ጥልቅ ቁፋሮ ውሃ ያገኛል። ውሃው ፎቆቹ ገና ስላልተሠሩበት ያልከበደውን ቤዝመንት ከታች ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። ጥቁር አፈር ያለበት ቦታም ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የአፈር ምርመራው ከንድፉ ይቅደም።

«ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ድንኳን አይተክልም።»

ይተክላል እንጂ! ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ እድር አለ። ለዚህ የሚመቸው ከመኖሪያው ሥር ሰፋ ብሎ የሚወጣው የሱቆቹ ጣሪያ ነው። ሱቆቹን ሳይነካ የሚወጣ የራሱ ደረጃ ይሰጠው፤ ቢያንስ አንዱ ሊፍት ቃሬዛና የአስከሬን ሳጥን የሚያስገባ ይሁን። በመቶ የሚቆጠር ሰው እዚያ እንደሚቀመጥ መሐንዲሱ አርማታውን ከማስላቱ በፊት ይነገረው።