ክረስታሺያን ምንድን ነው?

ክረስታሺያን ሲባል ቶሎ የሚታወሱት ሸርጣን፣ ሎብስተርና ሽሪምፕ ናቸው። ሦስቱም ውኃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሦስቱም ጠንካራ ቅርፊት አላቸው። መለያቸው ግን ውኃውም ቅርፊቱም አይደለም። ቅርፊት ሸረሪትም፣ ጊንጥም፣ ጉንዳንም አላቸው። አጽማቸው ከውጭ የሆነ፣ እግራቸው በየመገጣጠሚያው የሚታጠፍ፣ ለማደግ አሮጌውን ቅርፊት አውልቀው አዲሱ እስኪጠነክር በለስላሳ ገላ የሚቆዩ እንስሳት ሁሉ አርትሮፖድ ይባላሉ፤ ክረስታሺያን ከእነዚህ አንዱ ክፍል ነው። ውኃውም አያስተማምንም፤ እርጥብ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚርመሰመሱት፣ አንዳንዶቹም ሲነኩ እንደ ኳስ የሚጠቀለሉት ግራጫ ፍጥረታት የየብስ ክረስታሺያን ናቸው።

ቀላሉ መለያ አንቴና መቁጠር ነው። ሸረሪትና ጊንጥ ምንም የላቸውም፤ እንደ ንብና ዝንብ ያሉ ነፍሳት አንድ ጥንድ፣ ክረስታሺያን ደግሞ ሁለት ጥንድ አላቸው። (በየብሶቹ ላይ አንዱ ጥንድ እጅግ ስለሚያንስ ያለ ማጉያ መነጽር ባይፈልጉት ይሻላል።) በዚህ ቆጠራ፣ ጀርባው የፈረስ ኮቴ የሚመስለውና በስሙ ሸርጣን የሚባለው የባሕር እንስሳ ከክረስታሺያን ይወጣል። አንቴና የለውም፤ ዘመዱም ሸረሪት ነው።

ቆጠራው ባርናክል ላይ ሲደርስ ግን ይከሽፋል። ባርናክል ዐለትና የመርከብ ሆድ ላይ ተጣብቆ፣ በኖራ መሰል ሰሌዳዎች ተከልሎ ይኖራል። ያየው ሁሉ የቀንድ አውጣ ዘመድ ይመስለዋል፤ ታላቁ የእንስሳት ተመራማሪ ዦርዥ ኩቪዬም የመደበው ከሞለስኮች፣ ማለትም ከእነ ቀንድ አውጣ ወገን ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ጆን ቮን ቶምሰን የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፦ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ፣ ክረስታሺያን መሆኑ የማያጠራጥር እጭ አንድ ቦታ ተጣብቆ ባርናክል ይሆናል። የሚጣበቀው በራሱ በኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ በእግሮቹ ምግብ ወደ አፉ ይጠርጋል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1846 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ይህን እንስሳ ሲያጠና ቆይቷል፤ እኔ አይፈረድበትም ባይ ነኝ።

ኋላ የመጣው የዘረመል ጥናት ደግሞ ምደባውን ከሥሩ አናጋው። ነፍሳት የበቀሉት ከክረስታሺያን መካከል ሆኖ ተገኘ። የቅርብ ዘመዶቻቸው ተብለው የሚጠቀሱትም ሬሚፒድ የሚባሉ፣ በባሕር ዳርቻ ዋሻዎች ጨለማ ውኃ ውስጥ የሚዋኙ ዕውር ክረስታሺያን ናቸው። ስለዚህ ብዙዎች አሁን ሁለቱንም ፓንክረስታሺያ በሚል አንድ ስም ይጠሯቸዋል። ሸርጣን በዝምድና የሚቀርበው ስሙን ለሚጋራው ባለ ፈረስ ኮቴ እንስሳ ሳይሆን ለንብ ነው።