የቆመች መኪና ባለቤት አላት፦ ስለ አሮጌ መኪናዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ነባር ሠፈሮች በእግሩ የሚዘዋወር ሰው ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ጎማዋ ተንፍሶ በቸርኬዋ የተቀመጠች ቮልስዋገን፣ ሕዝቡ «ሴይቼንቶ» የሚላት ፊያት 600፣ ወይም አቧራ የለበሰች ፔዦ 404 ቢያጋጥመው እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለችውን መኪና ሳያስቡት ማየት የሚሰጠውን ደስታ እኔም አውቀዋለሁ። ሆኖም ስልክ ከኪስ ወጥቶ ፎቶው ብዙ ሰው ዘንድ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች የሚፈጸም ስሕተት ደግሞ በባለቤቱም በመኪናዋም ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በአሮጌ መኪና ወዳጆች መካከል ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ተጥላለች፤ ባለቤት የላትም»

ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ የቀሩትም በአብዛኛው የሚወለዱት ከእርሱ ነው። የመጨረሻው ቦሎዋ ከተለጠፈ ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና እንኳ ሊብሬዋ ከአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል። በሊብሬው ላይ ስሙ የሠፈረው ሰው ቢሞት ንብረቱ ለወራሾቹ ያልፋል፤ አላፊ አግዳሚው የሚወስደው አይሆንም። መኪናዋ የቆመችበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ከቸልተኝነት የራቀ ነው። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ የወጣ ወንድም ለእህቱ በአደራ የተዋት ልትሆን ትችላለች። ወራሾቿ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን ስለሚኖሩ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው ስም ለማዛወር ሳይገናኙ ዓመታት ያለፉባት ልትሆንም ትችላለች። ወይም ደግሞ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት «እርሱ ካቆማት ቦታ ማንም አያንቀሳቅሳት» ብለው የከለከሏት ትሆናለች። ከውጭ ለሚያየው ዝገት የሆነው ለቤቱ ሰው የአባት መታሰቢያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለምን ያዳረሰው የፖርቱጋል ወሬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ኒው ዮርካዊ በፖርቱጋል እርሻ ገዝቶ በሩ በብየዳ የታሸገ መጋዘን ቢከፍት 180 ያህል አሮጌ መኪናዎች አገኘ ተብሎ ፎቶዎቹ በኢሜይል ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። መኪናዎቹ በእርግጥ ነበሩ፤ ታሪኩ ግን ፈጠራ ነበር። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መኪና ይነግድ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ዓይኑ የወደደውን እየለየ በመጋዘኑ ያኖር ነበር። ፎቶ አንሺውንም የጠራው ባለቤቱ ራሱ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ወሬውን ያዛመቱት ሰዎች መኪናዎቹን አንድ በአንድ እየለዩ ሲያደንቁ፣ ለዓመታት የጠበቃቸውን ሰው ግን ከታሪኩ ጨርሶ ማውጣታቸው ነው።

«ፎቶ ማንንም አይጎዳም»

ይህንን እኔም አምን ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ ግቢ በር ክፍተት ያየኋትን ቮልስ ፎቶ አንሥቼ፣ የሠፈሩን ስም ጨምሬ፣ በኩራት ለብዙ ሰው አጋራሁ። ከሳምንታት በኋላ ባለቤቷን ለማነጋገር ስመለስ የፊት መብራቶቿ፣ ፍሬቻዎቿና የኋላ ፓራውልቷ ተነቅለው ነበር፤ በሩን የከፈቱልኝ አዛውንትም በሌሊት አጥር ዘለው የገቡ ሌቦች እንደወሰዱባቸው ነገሩኝ። ሌቦቹ ቤቱን ያወቁት በእኔ ፎቶ መሆኑን ማረጋገጥ አልችልም፤ አለመሆኑንም ማረጋገጥ አልቻልኩም። ያነሣሁትን ፎቶ ግን በዚያው ዕለት ነግሬያቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

የአሮጌ መኪና ዕቃ በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ አንዲት የመብራት መስታወት እንኳ ፈላጊ አታጣም። ስለዚህ የሠፈሩን ስም አለመጻፍ ብቻውን በቂ አይደለም። ታርጋው መሸፈን አለበት፤ የቤት ቁጥሩ፣ የግቢው በር ቀለምና ቅርጽ፣ ከጀርባ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም ፎቅ ሠፈሩን ለሚያውቅ ሰው ቦታውን ይናገራሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የስልኩ ካሜራ የቦታ መረጃ መመዝገቢያው ክፍት ከሆነ ፎቶው የተነሣበትን ትክክለኛ ቦታ በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጥ መሆኑን ነው፤ ፋይሉ እንዳለ ከተላከም መረጃው አብሮ ይሄዳል። የፖርቱጋሉ ፎቶ አንሺ መኪናዎቹ ዓለምን ካስደነቁ በኋላ እንኳ መጋዘኑ ያለበትን ቦታ አልተናገረም፤ ባለቤቱ እንዳይገለጽ ጠይቆት ነበርና። አንዳንዶች ቦታን መደበቅ ስስት ነው ይላሉ። እኔ ግን የራስ ያልሆነን ቤት አድራሻ ማደል ቸርነት ሊባል አይችልም እላለሁ።

«ቀድሞ ያየ ቀዳሚ መብት አለው»

ማየት መብት አይሰጥም። በወዳጆች መካከል ግን ማክበር የሚገባን ወግ አለ፦ አንድ ሰው አምኖ ያሳየንን መኪና ከእርሱ ተደብቀን ለመግዛት አንሄድም፤ የሌላውን ፎቶም ሳናስፈቅድና ያነሣውን ሳንጠቅስ አናሰራጭም።

«አሮጌ ከሆነች ሀብት ናት»

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ፓሪስ ላይ በተካሄደ ጨረታ አንዲት ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጣለች። መኪናዋ በምዕራብ ፈረንሳይ ለአሥርተ ዓመታት ከቆሙ 60 ያህል መኪናዎች አንዷ ስትሆን፣ ስብስቡ የትራንስፖርት ባለሀብት የነበሩት የሮዠ ባዮን ነበር። ይህ ዜና ከተሰማ ወዲህ ማንኛዋም የቆመች መኪና ሚሊዮን የምታወጣ የሚመስለው ሰው በዝቷል። ነገር ግን የመኪናን ዋጋ ዕድሜ ብቻውን አይወስነውም፤ ስንት እንደተሠራች፣ ምን ያህል ሙሉ እንደሆነች፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ከሊብሬዋ ጋር መስማማቱ ጭምር ይወስነዋል። በፌራሪዋ ዓይነት የተሠሩት ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ሲሆኑ፣ እኛ ቮልስ የምንላት ቮልስዋገን ቢትል ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ስለዚህ ለባለቤቷ «ሚሊዮን ታወጣለች» ብሎ ያልተጨበጠ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይደለም። ዋጋዋን እያወቁ «ይህች እኮ ለቁራሌው ናት» ብሎ ከአዛውንት እጅ በርካሽ መውሰድም ከዚያ የባሰ ነውር ነው።

በአገራችን ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ከእንግዲህ የሚኖሩን አሮጌ መኪናዎች ዛሬ በየግቢው ያሉት ናቸው ማለት ይቻላል።

«ባትሪ ቢቀየርላት ትነሣለች»

ባለቤቱ ፈቅዶ ወደ መኪናዋ የቀረበ ሰው በደስታ ብዛት የሚፈጽመው ስሕተት ይህ ነው። ለዓመታት በቆመ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል፤ በባትሪ ኃይል በግድ ሲዞር ቀለበቶቹ ይሰበራሉ፣ ሲሊንደሩም ይጫራል። ትክክለኛው መንገድ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ማንጠባጠብ፣ ለቀናት መታገሥ፣ ከዚያም ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ስለዚህ ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ተራግፎ ሳይጸዳ ምንም መሞከር የለበትም። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የፍሬኑን ሲሊንደሮች ከውስጥ ያዝጋል፤ ሞተሯ የተነሣች መኪና ፍሬን አላት ማለት አይደለም።

ቮልስን በተለይ ለሚያገኝ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ከምንም በፊት የኋላው መቀመጫ ተነሥቶ ሥሩ ይታይ። ባትሪዋ የሚቀመጠው እዚያ በመሆኑ አሲዱ የወለሉን ላሜራ በልቶት ሊሆን ይችላል፤ የሻንሲ ቁጥሯም የተመታው በዚያው፣ በመካከለኛው የወለል ቦይ ላይ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ሰልባትዮው ከፊት ስለሆነ ነዳጁ በረጅም መስመር ተጉዞ ትኩስ ሞተር አጠገብ ይደርሳል። በዚያ በኩል ያለው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ለሚነሣ እሳትም የታወቀ መንስኤ ነው። አዲስ ቱቦ ሳይገባላት መቀስቀስ የለባትም።

ቶሎ አጥቦ ቀለም የመቀባት ጥድፊያም እንዲሁ ነው። ባቲላሜራ ቤት ገብታ ስቱኮ ከተለጠፈባት በኋላ የፋብሪካ ቀለሟም ሆነ የዝገቷ ትክክለኛ መጠን አይታወቅም። የፓሪሷ ፌራሪ ለጨረታ የቀረበችው ሳትታደስ ነበር።

«ባለቤቱ እምቢ ካለ መኪናዋ ከንቱ መቅረቷ ነው»

ብዙዎች በዚህ ፍርሃት ባለቤቱን ያስጨንቃሉ፤ በየሳምንቱ በሩን ያንኳኳሉ፤ ገንዘብ እየቆጠሩ ያሳያሉ። እምቢታ መልስ ነው፤ እንደ መልስ መከበር ይገባዋል። ሆኖም የባዮን መኪናዎች ለዓለም የታዩት ወራሾቹ ራሳቸው ጊዜያቸው ሲደርስ የጨረታ ባለሙያዎችን ስለጠሩ ነበር፤ የእኛም አገር ግቢዎች ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት እንዲሁ ከውስጥ ነው። ስለዚህ በሩን ባንኳኳሁ ጊዜ ስለ ዋጋ አላነሣም። ስሜን ተናግሬ «እማማ፣ መኪናዋን በበሩ አይቻት ነው፤ የማን ነበረች?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቡና ከተፈላ ተቀምጬ ታሪኳን አዳምጣለሁ፤ ካስፈቀድኩ ፎቶ አነሣለሁ፤ ፎቶውንም አሳትሜ አመጣላቸዋለሁ። ክረምት ከቀረበ ደግሞ ሸራ እንድናለብሳት፣ ከጎማዎቿም ሥር ድንጋይ ወይም ጣውላ ገብቶ ከእርጥብ አፈር ከፍ እንድትል እለምናለሁ፤ ይህን እስካሁን የከለከለኝ የለም። ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ከሊብሬው ጋር እንዲያስቀምጡልኝ እሰጥና እሄዳለሁ።